ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ወደ ሌላ ወረዳ የተላከ ወንድም ስልክ ተደውሎለት «ሥራው እንዴት ነው?» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ጌታ እየሠራ ነው።» መልሱ ውሸት አይደለም፤ ምስጋናውም ከልብ ነው። ከምስጋናው ጀርባ ግን የሦስት ወር ኪራይ የተጠራቀመበት፣ ከፋሲካ ወዲህ አንድ አዲስ ሰው ያላየ፣ ባለቤቱ «ልጆቹን ይዤ ወደ እናቴ ልሂድ» ማለት የጀመረችበት ሰው ሊኖር ይችላል። ኮቺንግ የምንለው አገልግሎት የሚጀምረው ከዚያ መልስ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ነው። «አሜን፣ በርታ» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሰው መልካም ሰላምታ ሰጥቷል፤ ተካዩ ግን ከነሸክሙ እዚያው ቀርቷል።

ይህን የምንጽፈው ተካዮችን እንዲደግፉ ለተመደቡ ፓስተሮች፣ ሽማግሌዎችና የወንጌል ሥርጭት ክፍል አገልጋዮች ነው። ብዙዎቹ የሦስት ቀን ሥልጠና ይወስዳሉ፣ ጥራዙን ይዘው ይመለሳሉ፣ በመጀመሪያው ስልክ ላይ ግን ሳያውቁት ወደ ስብከት ይገባሉ። ስብከት ስለሚያውቁበት ነው። ጠይቆ ዝም ማለት ግን አዲስ ልማድ ነው፤ እስኪለመድም ያስቸግራል።

አሠልጣኝ የሚያውቀውን ያስተምራል። ተቆጣጣሪ ሪፖርት ይቀበላል። የምክር አገልጋይ የቆሰለውን ያክማል። ኮች ግን ተካዩ ያለበትን እንዲያይ፣ የሚሄድበትን እንዲመርጥና የሚቀጥለውን እርምጃ ከገዛ አፉ እንዲያወጣ ያግዘዋል። አካባቢውን የሚያውቀው ተካዩ ነው፤ የገበያውን ቀን፣ የእድሩን ዳኛ፣ የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው እንደተጣላ። ኮቹ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጦ የሚሰጠው ምክር ለራሱ ከተማ የሚሠራ ምክር ነው። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ ያህል ነበሩ፤ ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ያገኙት አሥር ሺህ ገደማ ነው። በመካከል የሠራው የዚያው ምድር ሰው ነበር፤ ቋንቋውን፣ ዝምድናውንና መንገዱን የሚያውቅ ገበሬ። ኮች ይህን ካመነ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል። ካላመነ ጥያቄው ሁሉ ምክርን ይጎትታል።

ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይህ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ኮቹ የተካዩን ወርኃዊ ድጋፍ የሚፈርም ሰው መሆን የለበትም። ደመወዙን ለሚፈርምለት ሰው «አልሆነልኝም» የሚል ተካይ እምብዛም አይገኝም፤ ይሉኝታውም ፍርሃቱም ይከለክለዋል። እናት ቤተ ክርስቲያኒቱ የሰው እጥረት ካለባት ሪፖርቱን የሚቀበለው አንድ ሽማግሌ ይሁን፤ ኮች የሚያደርገው ከሌላ አጥቢያ የመጣ ሰው ይሁን። ሁለት አጥቢያዎች ኮቾቻቸውን ቢለዋወጡ ወጪ የለውም። ይህ ጨርሶ ካልተቻለ ቢያንስ ቀኑ ይለይ፤ የሪፖርት ስልክና የኮቺንግ ስልክ በአንድ ቀን አይሁኑ፣ አንዱም በሌላው ውስጥ አይደባለቅ።

የመጀመሪያው ንግግር ሙሉ በሙሉ ለስምምነት ይዋል። በስንት ቀን እንደምትገናኙ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደሚደውልና የካርዱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ተነጋገሩ። የምሥጢሩንም ወሰን በግልጽ አስቀምጡ፤ «የነገርከኝ ከእኔ አይወጣም፤ ሰው የሚጎዳ ነገር፣ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መጉደል ወይም በልጆች ላይ የሚደርስ በደል ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ መጀመሪያ ለአንተ ነግሬህ ለሽማግሌዎች አቀርባለሁ» ብሎ ገና ከጅምሩ መናገር። ችግር ከመጣ በኋላ የሚነገር ወሰን እንደ ክዳት ይቆጠራል። ባለቤቱም ይህን የመጀመሪያ ንግግር ብትሰማ እንመርጣለን፤ ስለ ቤቷ የሚወራውን የማታውቅ ሴት ኮቹን እንደ ባዕድ ማየቷ አይቀርም።

የጊዜው መጠን ከብዙ ሙከራ በኋላ እንዲህ ቢሆን ደህና ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንዴ። በአካል ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በስልክ ከሆነ ከ45 ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ጆሮም ባትሪም ይደክማል። ሌላ ሙሉ ኃላፊነት ያለው ሰው ከአምስት ተካዮች በላይ አይያዝ። አሥር የያዘ ሰው በስድስተኛው ላይ ስሞችን መደባለቅ ይጀምራል፤ ተካዩም ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ተካዩ ገበያ ወደሚወጣበት ከተማ የሚደርስበትን ቀን ጠይቆ በዚያ ቀን መቅጠር ይሻላል።

የንግግሩ ቅደም ተከተል አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ሰውየው፤ ጤናው፣ እንቅልፉ፣ ልጆቹ። በ1 ነገሥት 19 ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ በልቶ፣ ሁለት ጊዜ ተኝቶ፣ ከረጅም መንገድ በኋላ ነው «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው። የደከመ ሰው ስለ ዕቅድ ቢጠየቅ ወይ ያለቅሳል ወይ ኮቹን ለማስደሰት ያልሆነውን ይናገራል። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ባለፈው የተባለው እርምጃ ምን ላይ እንደደረሰ ማየት። ከዚያ «ዛሬ ከዚህ ጊዜያችን ምን ይዘህ ብትወጣ ይጠቅምሃል?» ብሎ ርእሱን እሱ እንዲመርጥ መተው። ጌታም ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን፣ ችግሩ ለሰው ሁሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎታል። ከዚያ ያለውን ሁኔታ በቁጥርና በስም መመርመር፣ ከአንድ በላይ አማራጭ ማውጣት፣ አንዱን እርምጃ ቀን ማስያዝ፣ በመጨረሻም ስለዚያው እርምጃ አብሮ መጸለይ።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘለው ያለውን ሁኔታ መመርመር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ ወጣት ተካይና «ጋሼ» ብሎ የሚጠራው ኮች ስለ እሑድ ጉባኤ ሲነጋገሩ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«ጋሼ፣ ሰው ቃል ይገባል፤ እሑድ ሲደርስ ግን አይመጣም።»

«ባለፈው እሑድ እመጣለሁ ብለው የቀሩት ስንት ናቸው?»

«ኧረ ብዙ ናቸው።»

«እስቲ በስም ቁጠርልኝ።»

ይቆጥራል። ብዙ የተባሉት አራት ሆነው ይገኛሉ።

«እነዚህ አራቱ ባለፈው እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«አንዷ ልጇ ታሞባታል። ሦስቱ... ሦስቱ እድር ነበራቸው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ እድር አለ።»

«እድሩ በስንት ሰዓት ይበተናል?»

«አንዳንዴ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል።»

እዚህ ላይ ኮቹ ዝም ይላል። በልቡ እስከ አሥር ይቆጥራል። ከዚያ የሚመጣው ከተካዩ ነው።

«ከሰዓት ብናደርገውስ? ግን ወጣቶቹ ከሰዓት ኳስ አላቸው።»

«እንግዲህ ሁለቱን እንዴት ታስታርቃቸዋለህ?»

«እሑዱ ለወጣቶቹ ይቆይና ለትልልቆቹ ረቡዕ ማታ በአንዳቸው ቤት ማድረግ ይቻላል። ቡና ሲፈላ ጎረቤትም ይመጣል።»

«ሌላስ?»

«እድሩ ያለበትን እሑድ ብቻ ወደ ከሰዓት ማዞር። ወይም እኔም እድሩ ውስጥ መግባት። እስካሁን አልገባሁም።»

«ከሦስቱ የትኛው ላይ ልብህ ያርፋል?»

«ረቡዕ ማታው። እድር መግባቱንም አስብበታለሁ።»

«ለረቡዑ ማንን ትጠይቃለህ? መቼ?»

«ሦስቱንም ቤታቸው ሄጄ፣ እስከ ቅዳሜ።»

«እንዳትሄድ የሚያደርግህ ምን ሊመጣ ይችላል?»

«ቅዳሜ ባለቤቴ ገበያ ነች፣ ልጆቹን የምይዘው እኔ ነኝ። እንግዲያው ሐሙስ ከሰዓት እሄዳለሁ።»

ኮቹ አንድም ምክር አልሰጠም። ችግሩን የፈታው «በስም ቁጠርልኝ» የሚለው ቃል ነው። «ሰው አይመጣም» የሚለው ጭጋግ አራት ሰው ሲሆን ተገፈፈ፤ አራቱም ልባቸው የደነደነ ሳይሆን ወግ ያላቸው ጎረቤቶች ሆነው ተገኙ። «ሌላስ?» የሚለውንም ልብ በሉ። የመጀመሪያው አማራጭ ብዙ ጊዜ ሰው ከዚህ በፊት ያሰበው ነው። አዲሱ ነገር የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው «ሌላስ?» ላይ ነው፤ እዚህም የእድሩ ሐሳብ በመጨረሻ መጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ከሦስቱ የሚበልጠው ምናልባት እሱ ነው፤ እድር ውስጥ የሌለ ሰው በለቅሶ ቀን እንግዳ ነውና። ቢሆንም ኮቹ አልገፋም። ተካዩ «አስብበታለሁ» ያለውን በማስታወሻው ላይ ጽፎ ለሚቀጥለው ያቆየዋል።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የሚያግዝም የሚያሰናክልም ጠባይ አለው። «ለምን» የሚለው ቃል በጆሯችን ወቀሳ ነው። «ለምን አልጎበኘኸውም?» የተባለ ሰው ምክንያት ያቀርባል፣ ራሱን ይከላከላል፤ ማሰብ ያቆማል። «ምን ከለከለህ?» ወይም «ቀኑ እንዴት ዋለ?» ሲባል ግን ያስታውሳልና ይናገራል። ሌላው ወጥመድ ጥያቄ መስሎ የሚመጣ ምክር ነው። «ብትጾምበትስ?»፣ «ከፓስተሩ ጋር ብትመክር አይሻልም?»፣ «ይህ ትክክል አይመስልህም?» ጥያቄ አይደሉም። ታናሽ በታላቁ እንዲህ ሲባል «ልክ ነዎት» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ምክር የግድ መስጠት ካለብን በምክርነቱ እንስጠው፤ «እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ልበልህና ለአንተ ቦታ የማይሆን ከሆነ ጣለው» ማለት ሐቀኛ መንገድ ነው። በአንድ ንግግር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለቤት የሌለው ግሥ ነው። «ጉብኝት ይደረጋል»፣ «ጸሎት ተጀምሯል»፣ «ይታሰብበታል»። ማን ነው የሚጎበኘው? ማን ነው የጀመረው? ንግግሩ ከማለቁ በፊት እነዚህ ሁሉ ወደ «እጎበኛለሁ»፣ «እኛ ሦስታችን ማክሰኞ እንጸልያለን» መመለስ አለባቸው። ይህንንም እንደ አስተማሪ ሳይሆን በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ ነው፤ «የሚጎበኘው ማን ይሁን?» ተካዩ ከኮቹ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ «እርስዎ» እያሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ብሎ ፈቃድ ወስዶ መጠየቅ ክብሩን ይጠብቃል፤ ጥያቄውንም አያዳክመውም።

«እንጸልይበት» የሚለውስ? ይህን ስንጽፍ በጥንቃቄ ነው፤ ሥራው ያለ ጸሎት አንድ ስንዝር አይራመድምና። ግን «እንጸልይበት» አንዳንዴ የንግግሩ መዝጊያ በር ይሆናል። ጸሎቱን ወደ ኋላ አንገፋም፤ ቅርጽ እንሰጠዋለን እንጂ። «ስለዚህ ነገር እስከ መቼ ትጸልያለህ? ከማን ጋር? መልስ መምጣቱን በምን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ የሚጸልይን ሰው አያስከፋም። ስለ ትንቢትም እንዲሁ ነው። ተካዩ «ጌታ በዚህ ዓመት ሺህ ነፍስ እሰጥሃለሁ ብሎኛል» ቢል ኮቹ ቃሉን ለመመዘን አይቸኩል፤ መመዘኑ የሽማግሌዎቹ ድርሻ ነው። «ያ እንዲሆን እስከ ጥር መጨረሻ ልናየው የሚገባን የመጀመሪያው ምልክት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አምስት ሰው የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች ማግኘት» የሚል ዓይነት ይሆናል፤ በዚያ ላይ መሥራት ይቻላል።

ግብ ሲቀመጥ ቁጥሩ ከሰውየው እጅ የማይወጣ ይሁን። «በስድስት ወር 40 ሰው ይድናል» የሚለው የእግዚአብሔር ሥራ ነው። «በስድስት ወር ውስጥ 30 ቤት እገባለሁ፣ ለሚፈቅዱት ቃሉን አካፍላለሁ፣ በሁለት ቤት ሳምንታዊ ጥናት እጀምራለሁ» የሚለው የተካዩ ሥራ ነው። በሉቃስ 10 «የሰላም ልጅ» የተባለውን ዓይነት ሰው፣ በሩን የሚከፍትና ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው፣ መፈለግም ሊቆጠር የሚችል ሥራ ነው። ከሌላ አጥቢያ ተዛውረው የመጡትን ግን ከአዲስ አማኞች ጋር በአንድ ዓምድ አትቁጠሩ። ከተማ ውስጥ አዲስ አዳራሽ በሦስት ወር ሞላ ሲባል አብዛኛው ሰው የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ጠብ ያስነሣል፣ ተካዩንም በማይሆን ተስፋ ያሞኘዋል። እርዳታ በማደል ሰው መሰብሰብም እንዲሁ፤ እህሉ ሲያልቅ ሰዉም ያልቃል፣ በአካባቢው ያሉ የሌላ እምነት ጎረቤቶችም በትክክል ይቀየማሉ።

ዕቅዱ የገበሬውን ወራት ካልተከተለ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ እርሻና ጭቃ ነው፤ በየሳምንቱ ሰው መሰብሰብ አይሆንም፣ በአጭሩ ቤት ለቤት መሄድ ግን ይቻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የጉልበት እርዳታ ከስብከት ይልቅ በር ይከፍታል። በጉራጌና በብዙ የደቡብ አካባቢ በመስቀል ሰው ሁሉ ካለበት ወደ አገሩ ይገባል፤ ያን ሳምንት ሥልጠና ቀጥሮ ተካዩን ከቦታው ማራቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ኮቹ ዓመቱ ሲጀምር «በአንተ አካባቢ ሰው ቤቱ የሚገኘው በየትኛው ወር ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ዐሥራ ሦስቱን ወር በአንድ ገጽ ቢያስጽፈው የኋላው ንግግር ሁሉ ይቀላል።

አዳራሽን በተመለከተ ተካዩ ገና ከመጀመሪያው ወር ስለ ቆርቆሮ ቤት፣ ስለ ኪቦርድና ስለ ሞንታርቦ ቢያነሣ አይገርምም። የሚያውቃት ቤተ ክርስቲያን እንዲያ ናት። ሰው ሳይኖር የገባ ድምፅ ማጉያ ግን ከጎረቤት ጋር ያጣላል፣ ኪራዩም ድጋፉን ይበላል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘግታ አዳራሾቿ ሲወሰዱ አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በይፋ ስትከፈት 34 ሺህ ያህል ሆነው ወጡ። ያ ሁሉ የሆነው በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ በመሰብሰብ ነው። ይህን ለተካዩ እንደ ስብከት መንገር አያስፈልግም። «አዳራሹ ዛሬ ቢሰጥህ በሚቀጥለው እሑድ ምን ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱ ራሱ ያስተምረዋል።

ገንዘብ። ድጋፉ የተወሰነ ዓመት ያለው ከሆነ ስለ መጨረሻው ማውራት በስድስተኛው ወር ይጀመር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ የተነሣ እንደሆነ ተካዩ ወይ ሌላ ረጂ ፍለጋ ይወጣል ወይ ቦታውን ጥሎ ይሄዳል። ተካዩ ለኮቹ የገንዘብ ጥያቄ ሲያቀርብ ደግሞ፣ ማቅረቡ አይቀርም፣ ኮቹ ከኪሱ አይስጥ። ጨካኝነት ሆኖ አይደለም። አንዴ ከሰጠ ቀጣዩ ንግግር ሁሉ ምስጋናና ተስፋ ይሆናል፤ ሐቁ ይጠፋል። «ይህን ለማን ማቅረብ አለብህ? ምን ብለህ ትጽፋለህ?» ብሎ ደብዳቤውን አብሮ ማሰብ ይቻላል። የታመመ ልጅ ካለ ኮቹ ራሱ ለሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን ይደውል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

የተካዩ ባለቤት በሪፖርት ላይ የለችም፤ በድካሙ ላይ ግን ሙሉ ድርሻ አላት። ቡናውን የምታፈላው፣ እንግዳ የምታስተናግደው፣ ልጆቹን በማያውቁት ቋንቋ ትምህርት ቤት የምትሰድደው እሷ ነች። በሦስት ወር አንዴ ሁለቱም አብረው የሚገኙበት ንግግር ይደረግ፤ በዚያን ጊዜ ጥያቄው መጀመሪያ ለእሷ ይቅረብ። «በዚህ ሦስት ወር የከበደሽ ምን ነበር?» ተብላ ባሏ ቀድሞ ቢመልስላት ኮቹ በትሕትና «እሷን እንስማት» ይበል። የሚቻል ከሆነ ሴት ኮች ለብቻዋ ታነጋግራት። ለብዙ ተካዮች ማቆም ምክንያት የሆነው ስደትም ድህነትም ሳይሆን ማንም ያልጠየቃት አንዲት ሴት ድካም ነው፤ ይህን የምንለው በሐዘን ነው።

ኮቺንግ የማይሆንበት ጊዜም አለ። ተካዩ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ማለት ከጀመረ የግብ ጥያቄ አይጠየቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪምና ቅርብ ወደሆነ ሰው የሚደርስበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። በትዳር ውስጥ ዱላ ካለም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የሴቲቱና የልጆቹ ደህንነት። አዲስ አማኝ ሞቶ የመቃብር ቦታ ሲከለከል ወይም ቤት ሲደበደብ ደግሞ «ምን አማራጭ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ብቻውን መተው ይሆናል። ያን ጊዜ እናት ቤተ ክርስቲያን፣ የአካባቢው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረትና የወረዳው አስተዳደር በአንድነት ይንቀሳቀሱ፤ ኮቹ ስልክ ይደውል፣ ሽማግሌ ይላክ። ጉዳዩ ሲረጋ ወደ ጥያቄው ይመለሳል።

በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ በዕረፍት ቀናቸው ጥቂት እኅቶችን ለጸሎት የሚሰበስቡ አሉ። ለእነሱ ይህ ሁሉ ያጥራል። ጊዜው አሠሪዎቹ ከተኙ በኋላ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ስልኩ በኢሞ ነው፣ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ እርምጃ፣ አጭር ጸሎት። ስም አይጻፍ፣ ፎቶ አይላክ፣ የቡድኑ ቁጥር በማንም ሪፖርት ላይ አይውጣ። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምትደፍረውንና የምትተወውን የምትወስነው እሷ ብቻ ነች፤ እዚህ በደህና ተቀምጠን «በርቺ፣ አትፍሪ» ማለት የእኛ መብት አይደለም።

ማስታወሻ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑ፣ ባለፈው የተባለው እርምጃና ውጤቱ፣ የዛሬው ርእስ በአንድ መስመር፣ ተካዩ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር በራሱ ቃል፣ የሚቀጥለው እርምጃ ከነቀኑ። የራሱን ቃል መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከሁለት ወር በኋላ «ባለፈው ‹ሰዎቹ የሚሰሙኝ ሳርስ አብሬያቸው ስውል ነው› ብለህ ነበር» ብሎ ማስታወስ ግን ተካዩን ቀና ያደርገዋል፤ የሰማው ሰው አለና። እርምጃው ካልተፈጸመ አትውቀሱት። «ምን ተማርክበት?» በሉ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያልተፈጸመ እንደሆነ ግን እርምጃው የእሱ እንዳልነበር፣ ኮቹን ለማስደሰት የተባለ እንደሆነ ገምቱ፤ «ይህ በእውነት የምትፈልገው ነው ወይስ እኔ ደስ እንዲለኝ ያልከው?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኮች ራሱን የሚመረምርበት ቀላል መንገድ ተካዩን አስፈቅዶ አንዱን ንግግር በስልክ መቅዳትና ብቻውን ማዳመጥ ነው። ከ45 ደቂቃው ውስጥ የእሱ ድምፅ ከ12 ደቂቃ በላይ ከሆነ ሰብኳል። ቅጂው ከተሰማ በኋላ ይጥፋ።

ሥራው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ከሄደ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ንግግሮች ለየት አድርጉ። ተካዩ ከአካባቢው የተነሣውን አንድ መሪ ይዞ ይቀመጥና እሱ ይጠይቀው፤ ኮቹ ጥግ ይዞ ያዳምጥ፣ አንድም ቃል አይናገር። ሲያበቃ ኮቹ ለተካዩ ሦስት ነገር ብቻ ይንገረው፤ ስንት ጥያቄ እንደጠየቀ፣ ከእነሱ ስንቱ «ለምን» እንደነበረ፣ የሚቀጥለውን እርምጃና ቀኑን ከሁለቱ ማን እንደተናገረው።